የአያትህን ሽጉጥ ሞራጅ ቤት ከመውሰድህ በፊት

ወንድሜ፣ «የአያቴ የጣልያን ሽጉጥ አለችን፤ ገላዋ ላይ ያለው ቁጥርና ጎራሿ ላይ ያለው አይገጥምም፣ እጀታዋም የራሷ አይደለም፤ አስሞርጄ አዲስ ላስመስላት ወይ?» ብለህ የጠየቅኸውን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። እኔም ልክ እንዳንተ ነበርኩ። አገሬ ሞጣ ነው፤ አያቴ በአርበኝነቱ ዘመን የማረካት ሽጉጥ ነበረችን።

እንደ ገለጽካት ከሆነ ያንተም ቦዴዎ ናት፤ የጣልያን ጦር በፈረንጆች 1889 የተቀበላት፣ ስድስት ጥይት የምትጎርስ፤ ጎራሿ የምንለው ጥይቶቹ የሚገቡበት የሚዞረው ክፍሏ ነው። ምላጯ የሚታጠፍ፣ ከለላ የሌላትና አፈሙዟ ስምንት ማዕዘን ከሆነ የተራ ወታደር ናት። አፈሙዟ ክብ ሆኖ ምላጯ ከለላ ካለው የመኮንን ናት።

አንደኛ፣ ባዶ መሆኗን አረጋግጥ። በቀኝ በኩል ያለችውን ትንሽ በር ክፈትና ስድስቱንም ቀዳዳ አንድ በአንድ እያዞርህ እይ። «ይሄን ያህል ዘመን የተቀመጠ ጥይት ምን ያደርጋል» የሚልህን አትስማ።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩ አለመግጠሙ አያስደንግጥህ። ጎራሿ ከሌላ ሽጉጥ የመጣ ነው ማለት ነው፣ በቃ። የእኛዋን አያቴ ከሁለት ስብር አንድ ደህና እንዳወጣት አባቴ ይነግረን ነበር። የዚያ ዘመን ዕቃ በእጅ እየተሞረደ ስለሚገጣጠም፣ የሌላ ሽጉጥ ጎራሽ ከአፈሙዙ ጋር በትክክል ፊት ለፊት ላይቆም ይችላል። ስለዚህ መተኮስ የሚባል ነገር አታስብ። የአያትህ ማስታወሻ ናት፣ እንደዚያው ያዛት።

ሦስተኛ ስለ ዝገት ልነግርህ ነበር፤ እኔን ያቃጠለኝ ግን እሱ ስለሆነ ከነታሪኩ ልንገርህ።

አንድ ብረት ሥራ ቤት ወሰድኳት። ባለቤቱ አገላብጦ አየና «አዲስ አደርግልሃለሁ» አለኝ፤ 4,500 ብር ከፈልኩ። በሳምንቱ ስመለስ እንደ መስታወት ታበራለች። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። ማታ ወደ አምፖሉ አስጠግቼ ሳያት ግን በግራ ጎኗ የነበረው የዘውድ ምልክት የለም። ቁጥሩ የለም። በሞተር ድንጋይ ፍቆ አጥፍቶታል። ጣቴን ባሻሽ ባሻሽ ልሙጥ ብረት ነው።

ፈቃዷን ላሳድስ ስሄድ ጉዱ ወጣ። ጸሐፊው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ቁጥሩ የተፋቀ መሣሪያ ነው፤ ከየት አመጣኸው?» አለኝ። የልጄ እኩያ ነው፤ ሰው በተሰለፈበት እንደ ሌባ አቆመኝ። ጎራሿ ላይ ያለውን ቁጥር ባሳየው «እሱማ የሌላ ነው» ብሎ ማመልከቻዬን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። በሕጉ ቅሬታ የለኝም፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፣ መከልከሉም ትክክል ነው። ያቃጠለኝ ሽማግሌ ሰው አስረዳለሁ ሲል አለመሰማቱ ነው። ሰባት ወር ተመላለስኩ። በመጨረሻ ያዳነኝ በጃንሆይ ጊዜ አባቴ ያወጡት የፈቃድ ወረቀት ነው፤ እናቴ በዳዊቷ ማኅደር ውስጥ አጥፋ አስቀምጣው ኖሯል። ቁጥሩ በቀይ ቀለም ጥርት ብሎ ተጽፎበታል። ወረቀቱን ስዘረጋለት ያ ጸሐፊ ዝም አለ፤ ማኅተሙንም መታልኝ።

ስለዚህ ማንም ሳይነካት ቁጥሮቹን ሁሉ ፎቶ አንሳና በወረቀትም ጻፍ። ሞተር ድንጋይና የብርጭቆ ወረቀት አጠገቧ አይድረስ። ቀዩ ዝገት ነው የሚበላት፤ ጥቁሩን ተወው፣ እንደ ቆዳዋ ነው። በላምባ የራሰ ጨርቅ ቀዩ ላይ አሳድረህ በመዳብ ቁራጭ ቀስ ብለህ ፋቀው፤ መዳብ ከብረቱ ስለሚለሰልስ አይጭራትም። ከዚያ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በስሱ ቀባት። ቅቤና ኑግ ዘይት እንዳታስነካት፤ ኑጉ ሲቆይ ይደርቅና እንደ ሙጫ ይይዛል። ብሎኖቿን በማይመጥን ካቻቢቴ አትታገል፣ አናታቸው ይላጣል። ከቆዳ አፎቷም ለይተህ አስቀምጣት፤ ቆዳ እርጥበት ይዞ ያዝጋታል።

እጀታዋን «የራሷ አይደለም» ብለሃል። የእኛዋም የራሷ አልነበረም፤ አያቴ በካራ የጠረቡት ወይራ ነበር፣ አውራ ጣታቸው የሚያርፍበት ቦታ ጎድጎድ ብሎ ነበር። ያ ብረት ሠሪ «አይመጥናትም» ብሎ አውልቆ ጥቁር ፕላስቲክ ገጠመላት፤ እኔም በዚያን ቀን ሳልጠይቀው ወጣሁ። ከወር በኋላ ተመልሼ ጠረጴዛው ሥር ያለውን ውዳቂ ስፈትሽ ግማሹን አገኘሁት፤ ብሎን መግቢያው ላይ ተሰንጥቋል። ሌላው ግማሽ አልተገኘም፣ ለእሳት ሄዷል መሰለኝ። አሁን በአንድ ጎኗ የአያቴ ወይራ፣ በሌላው እኔ ራሴ የጠረብኩት ወይራ አለ። የእኔው ገና ቢጫ ነው፣ የእሳቸው ቡናማ።