ፍቅፋቂው ለምን አይወጣም?

ጥያቄ፦ አምስት ኪሎ የምማር የሜካኒካል ምህንድስና የማስተርስ ተማሪ ነኝ። አሉሚኒየም 6061 በጥቃቅን ፍሬዛ (በሚሽከረከር ስለት) ሲቆረጥ በኮምፒውተር እያስመሰልኩ ነው። የስለቱ ጫፍ ሬዲየስ 3 ማይክሮን፣ የቁርጡ ውፍረት 0.5 ማይክሮን ነው። ፍቅፋቂ (ከብረቱ የሚላጠው ቁራጭ) አይወጣም፤ መሹም (ብረቱ ለስሌት የተከፋፈለበት መረብ) ተጨማዶ ስሌቱ ይቋረጣል። የት ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ፍቅፋቂ አለመውጣቱ ስህተት አይደለም፤ ሞዴልዎ እውነቱን እየነገረዎት ነው። በዚህ መጠን ስለቱ ሹል ሳይሆን ድቡልቡል ነው። የቁርጡ ውፍረት ከጫፉ ሬዲየስ በግምት ከ20 እስከ 40 በመቶ ካልደረሰ ብረቱ ይደፈጠጣል፣ ስለቱ ሲያልፍም በከፊል ይመለሳል እንጂ አይላጥም። የእርስዎ 17 በመቶ ገደማ ነው። ከ1.5 ማይክሮን ይጀምሩና በ0.2 እየቀነሱ ፍቅፋቂው የሚቆምበትን ይፈልጉ።

የመሹ ጉዳይ ግን መስተካከል አለበት። በስለቱ ጫፍ አካባቢ ኤለመንቱ (የመሹ አንዱ ክፍል) ከ0.3 ማይክሮን አይብለጥ፤ መሹን እየሠራ የሚያድስ ዘዴም ይጠቀሙ። ዋጋው ጊዜ ነው፦ ድምፅ በአሉሚኒየም ውስጥ በሰከንድ 5,000 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የጊዜ እርምጃው (ስሌቱ በአንዴ የሚራመደው፣ ድምፅ አንድ ኤለመንት ከሚያቋርጥበት ጊዜ የማይበልጠው) ወደ 0.06 ናኖሰከንድ ይወርዳል። በሰከንድ 1 ሜትር ፍጥነት 50 ማይክሮን ለመቁረጥ ከ800,000 በላይ እርምጃ ያስፈልጋል። (መብራት ቢጠፋ ከመጀመሪያው እንዳይጀምሩ ውጤቱ በየመሃሉ ይቀመጥ።) ስሌቱን ለማፋጠን በሞዴሉ ውስጥ የብረቱን ክብደት ከጨመሩ የእንቅስቃሴ ኃይሉ ከውስጣዊው ኃይል 5 በመቶ እንዳይበልጥ ይከታተሉ፤ ከበለጠ የመቁረጫ ጉልበቱ በሐሰት ያብጣል።

ሬዲየሱን ደግሞ ከካታሎግ አይውሰዱ። ስለቱ ሲያረጅ ጫፉ ስለሚሰፋ፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተለካውን ያስገቡ።