ግቢያችን ውስጥ የምናገኘውን ጥንዚዛ እንዴት ነው የምንለየው?

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። ሀዋሳ ግቢሽ ውስጥ ክረምቱ ሲወጣ ጥንዚዛ በዝቶ ልጅሽ በጠርሙስ እየሰበሰበ ስሙ ምንድነው ይልሻል፣ ጉግል ሌንስ ላይ ፎቶውን ስታስገቢው ደግሞ የአሜሪካ ጥንዚዛ ነው ብሎ ይመልስልሻል፣ እና እንዴት ነው የምለየው፣ አደገኛስ አለው ወይ ነው ያልሽው፣ አንዲት አረንጓዴ የምታብረቀርቅ ጥንዚዛ ፎቶም ለጥፈሻል። እኔ ሸዋ ሮቢት አካባቢ የግብርና ልማት ሠራተኛ ሆኜ 9 ዓመት ሰርቻለሁ፣ ጥንዚዛ መለየት የተማርኩት እዛ ማሽላ ውስጥ ነው፣ ስለዚ ካየሁት ልንገርሽ ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ ጥንዚዛ መሆኑን አረጋግጪ። ጀርባው ላይ ሁለት ጠንካራ ክንፍ አለ፣ እንደ ተዘጋ ባለ ሁለት ተካፋች በር መሃል ላይ ገጥመው ቀጥ ያለ መስመር ይሰራሉ፣ የሚበርበት ስስ ክንፍ ከስር ታጥፎ ነው ያለው። በረሮ ከሆነ አንዱ ክንፍ በሌላው ላይ ይደረባል። ጀርባው ላይ ሶስት ማዕዘን ጎልቶ የሚታይና ክንፉ ጫፍ ላይ የሚጠላለፍ ከሆነ ደግሞ የትኋን ዘመድ ነው፣ አፉ እንደ መርፌ ነው እንጂ አያኝክም። ሰው ጥንዚዛ ብሎ ከሚልክልኝ ፎቶ ብዙው ይሄኛው ነው።

ከዛ ቀጥሎ ከለሩን አትመኚ። ይሄን ደጋግሜ የምለው በኔ ስለደረሰ ነው። ስራ በጀመርኩ ዓመት ማሽላው እሸት ሲይዝ ጥንዚዛ ወረደበትና ናሙና አምጣ ተባልኩ፣ አንዱ ቢጫው ይበዛል፣ አንዱ ጥቁሩ ይበዛል፣ አንዱ መሃል ላይ ነው፣ እኔ በሶስት ጠርሙስ ለይቼ ሶስት ዓይነት ብዬ ጽፌ ይዤ ሄድኩ። አብሮኝ የሚሰራ አንድ ትልቅ ሰው ሶስቱንም አንድ ነጭ ወረቀት ላይ ገለበጣቸውና ከለሩን እርሳው፣ እግሩን፣ አንቴናውን፣ የጀርባውን ቅርጽ እያነጻጸርክ ንገረኝ አለኝ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳይ ቆየሁ ምንም ልዩነት የለም፣ ሁሉም አንድ ናቸው። ፓክኖዳ ኢንተራፕታ ይባላል፣ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአማራና በአፋር ማሽላ ላይ የታወቀ ተባይ ነው፣ ሐምሌ ላይ ወጥቶ ይዋለዳል፣ አዲሱ ትውልድ ደግሞ ጥቅምት አካባቢ ልክ ማሽላው ወተት ሲይዝ ይደርሳል። ገበሬው ያን ጊዜ አገዳ ላይ ተደራርቦ ሲያየው የሚሰማው ነገር ከባድ ነው፣ የዓመት ልፋቱ እኮ ነው። የበሰለ ሙዝ ጠርሙስ ውስጥ አድርገን ስንሰቅል እየገባ ይያዝ ነበር፣ የፍራፍሬ ሽታ ይስበዋል።

እና ከከለር ይልቅ አንቴናውን እዪ። ጫፉ ላይ እንደ ትንሽ ማራገቢያ የሚዘረጋ ቅጠል ካለው የእበት ጥንዚዛና የአበባ ጥንዚዛ ቤተሰብ ነው። ከሰውነቱ የሚረዝም ከሆነ እንጨት የሚበላው ነው፣ ልጁ እንጨት ውስጥ ነው የሚያድገው። ፊቱ ወደ ፊት ሾጥጦ እንደ ኩምቢ ከወጣና አንቴናው እዛ ኩምቢ ላይ እንደ ክርን ከታጠፈ ነቀዝ ነው። በነገራችን ላይ እኛ ቤት ሁሉንም ነቀዝ እንላለን እንጂ በቆሎ ውስጥ ያለውና ሽምብራ ውስጥ ያለው ይለያያሉ፣ የበቆሎው ኩምቢ አለው፣ ሽምብራውን ክብ አድርጎ በስቶ የሚወጣው ግን ኩምቢ የለውም፣ ክንፉም አጥሮ ቂጡ ይታያል። ለልጅሽ ጓዳ ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን ብታሳዪው ከየትኛውም መጽሐፍ ይበልጣል።

አደገኛ ላልሽው፣ አብዛኛው ምንም አያደርግም፣ ሁለቱን ግን ልጁ ማወቅ አለበት። አንደኛው ጥቁር ላይ ቀይ ወይም ቢጫ መቀነት ያለው፣ አንገቱ ቀጠን ያለ፣ ክንፉ ለስለስ የሚል ነው፣ አበባ ላይና ባቄላ ላይ ይገኛል፣ ሲነኩት ከእግሩ መጋጠሚያ ፈሳሽ ያወጣል ቆዳን ውሃ ያስቋጥራል። ሁለተኛው ጭራሽ ጥንዚዛ አይመስልም፣ ከ1 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፣ ቀጭን ነው እንደ ጉንዳን፣ ብርቱካናማ ሆኖ ራሱና የጭራው ጫፍ ጥቁር፣ ክንፉ አጭር ሆኖ ወደ ሰማያዊ የሚያብረቀርቅ፣ ማታ መብራት ተከትሎ ይመጣል፣ ናይሮቢ ፍላይ የሚሉት እሱን ነው። አይናከስም፣ ግን አንገትሽ ላይ ሲያርፍ በጥፊ ካልሽው መርዙ ከሰውነቱ ውስጥ ይወጣና በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ቆዳሽ እንደተቃጠለ በመስመር ይቀላል። ጎረቤታችን አንዲት እናት አልማዝ ባለጭራ ነው ብለው ተጨንቀው ነበር፣ መብራቱ ስር ሄጄ ሳይ ግድግዳው ላይ አምስት ስድስት አገኘሁ። ስለዚ ካረፈ እፍ ብሎ ማባረር፣ ከተጨፈለቀ ቶሎ በሳሙናና በውሃ መታጠብ፣ እጅ ሳይታጠቡ ዓይን አለመንካት፣ ዓይን ከነካ ግን ቀጥታ ጤና ጣቢያ።

ጉግል የአሜሪካ ያለሽ ከላይ ብቻ ስላነሳሽው ነው፣ የኛ አገር ጥንዚዛ ፎቶም ኢንተርኔት ላይ ትንሽ ስለሆነ ያለውን ነው የሚሰጥሽ። ጠርሙሱን ፍሪጅ ውስጥ 10 ደቂቃ አስቀምጪው ቀዝቅዞ ይረጋል አይሞትም፣ ነጭ ወረቀት ላይ አድርገሽ መጠኑ እንዲታወቅ ጎኑ ሳንቲም አስቀምጪ፣ ጥላ ውስጥ ሆነሽ ከላይ፣ ከጎን፣ ከፊት፣ በስንጥር ገልብጠሽ ከሆዱ አንሺ፣ ስትጨርሺ ያገኘሽበት መልሺው። ደግሞ ምን ላይ እንደነበር ጻፊ፣ እበት ላይ? ጽጌረዳ ላይ? አቮካዶ ግንድ ላይ? ይሄ ግማሽ መልስ ነው። አይናቹራሊስት የሚባለው አፕ ላይ ቦታና ቀኑን ጨምረሽ ብትለጥፊ ጥንዚዛ የሚያጠኑ ሰዎች አይተው ይመልሳሉ፣ እኔ አንዳንዱን ስድስት ወር ጠብቄ ነው ስሙን ያገኘሁት። እስከ ዝርያ ካልደረሰም አትዘኚ፣ በዓለም ላይ ስም የወጣላቸው ብቻ ወደ 400 ሺህ ይጠጋሉ፣ ብዙዎቹ በማይክሮስኮፕ ካልሆነ አይለዩም፣ ቤተሰቡን ማወቅ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። አዲስ አበባ ከመጣችሁ ደግሞ አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውሰጂው።

ልጅሽ የሚወድ ከሆነ ማታ ማታ እበት የምታንከባልለውን ፈልጉ፣ ራሷን ወደ መሬት ደፍታ በኋላ እግሯ ነው የምትገፋው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ያለች አንድ ዝርያ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት በሰማይ ላይ የሚታየውን ሚልኪ ዌይ የሚባለውን የከዋክብት ጭፍራ አይታ አቅጣጫ እንደምትይዝ በ2013 እ.ኤ.አ. በጥናት ታይቷል፣ እኔ ይሄን ያነበብኩ ለት ውጪ ወጥቼ ሰማዩን ሳይ ነው ያመሸሁት።

ያቺን አረንጓዴ የምታብረቀርቀውን በተመለከተ፣ የአበባ ጥንዚዛ ትመስለኛለች ግን አንቴናዋ አይታይም። ስትበር ተመልከቻት፣ የነሱ ቤተሰብ ብዙዎቹ ጠንካራውን ክንፍ ሳይከፍቱ ስሱን ከጎን አውጥተው ነው የሚበሩት። ከጎንና ከፊት አንስተሽ ከነተቀመጠችበት አበባ እዚሁ ለጥፊው አየዋለሁ።