በገጠር ይዞታ ላይ ቤት ለመሥራት፦ ከሐዋሳ ዙሪያ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ቤት ስለመሥራት ጥያቄ ካላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ ደረሰኝ። ሐዋሳና ዙሪያዋ ላይ በመጀመሪያ በግንበኝነት፣ ኋላም በፎርማንነት 17 ዓመት ሠርቻለሁ። ዋጋ በብር አልጽፍም። ሲሚንቶና ፌሮ ዛሬ የተጠየቁበት ዋጋ በሳምንቱ አይገኝም። ብዛቱን እነግራችኋለሁ፤ በዕለቱ ዋጋ አባዙት።

«ቱላ አካባቢ ከአንድ ገበሬ 200 ካሬ ሜትር ለመግዛት ተስማምቻለሁ። ሦስት እማኝ አቁመን እንፈራረማለን። መሠረት ለማውጣት ስንት ልያዝ?»

ወንድሜ፣ ለመሠረት ምንም አትያዝ። መጀመሪያ ውሉ ላይ እናውራ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የይዞታ መብት ነው። በ2016 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324ም ይህንኑ ይዞ ነው የሄደው። ማከራየት ይቻላል፣ ማውረስ ይቻላል፤ የእርሻ መሬት ሸንሽኖ መሸጥ ግን አይቻልም። ሦስት እማኝ ቢፈርም፣ ሠላሳም ቢፈርም ያው ነው።

ጨረቃ ቤት ሲፈርስ አይቻለሁ። ባለቤቱ አጥር ሥር ቆሞ ቆርቆሮው እንዳይጣመም «ቀስ በሉ» እያለ ይለምን ነበር። ያዳነው ቆርቆሮውን ብቻ ነው። ስለዚህ ቀብድ ሳትከፍል ሁለት ነገር ጠይቅ፦ ቦታው የማን ይዞታ ነው? በገጠር ነው ወይስ በከተማ ክልል የተካተተ? በሐዊላ ቱላ ክፍለ ከተማ ሥር የገጠር ቀበሌዎችም አሉ፤ አስፋልት ስላየህ ከተማ ነው፣ እንሰት ስላየህ ገጠር ነው ማለት አትችልም። የከተማ ቦታ የሚተዳደረው በሊዝ ሕግ ነው። ቀበሌ ሂድ፣ የይዞታ ደብተሩን በዓይንህ እይ።

«አባቴ በስሙ ደብተር ባለው ይዞታ ላይ እንድሠራ ፈቅዶልኛል። 6 በ8 የብሎኬት ቤት አስቤያለሁ። ከየት ልጀምር? ምን ያህል ዕቃ ይፈጃል?»

አንተ መነሻህ ጥሩ ነው። ብቻ የአባትህን ፈቃድ በቃል አታስቀረው። ስጦታ ከሆነ በጽሑፍ ይሁንና በወረዳው መሬት አስተዳደር ይመዝገብ። ነገ ወንድም እህት ሲካፈል ቤትህ መሃል እንዳይገባ።

ዙሪያው 28 ሜትር ነው። ውስጡን በ10 ሜትር ግድግዳ ብትከፍለው መሠረቱ 38 ሜትር ይሆናል። 50 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይዘህ ስታስቆፍር 15 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣል። 80 ያልኩህ ግን ለሂሳብ ነው። የሐዋሳ ዙሪያ አፈር ብዙ ቦታ ቀላል የእሳተ ገሞራ አመድና ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ) ነው። ደረቅ ሲሆን ጠንካራ ይመስላል፣ ውሃ ሲነካው ይሰምጣል። ጉድጓዱ ውስጥ ግባና በዲጂኖ ምታው። ዲጂኖው እንደ ዱቄት ዝም ብሎ ከገባ ገና ነህ፣ ቆፍር።

ከድንጋዩ ግንብ በላይ የማሰሪያ አርማታ፣ ግድግዳው ሲያልቅ ደግሞ ከላይ ሌላ ማሰሪያ አርማታ ይኖራል። «ለአንድ ፎቅ አልባ ቤት ምን ያደርጋል?» የሚል ግንበኛ አትስማ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው ያለነው፣ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ኮለኑ (ቀጥ ብሎ የሚቆመው የአርማታ ምሰሶ) እና ሁለቱ ማሰሪያዎች ቤቱን እንደ ሳጥን አንድ ላይ ይይዙታል። ስታፋው፣ ማለትም ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚይዘው የብረት ቀለበት፣ ሲታሰር ጫፉ ወደ ውስጥ መታጠፉን አንተው ራስህ እይ።

ግድግዳው 3 ሜትር ከፍታ ይኑረው። በርና መስኮት ተቀንሶ 100 ካሬ ሜትር ያህል ይቀራል። በካሬ 12 ተኩል ብሎኬት ይገባል፤ 1,250 መሆኑ ነው። የሚሰበረውን ጨምረህ 1,310 ግዛ። ስትገዛ አንዱን ከወገብህ ከፍታ ልቀቀው። ከተፈረካከሰ ሌላ ቦታ ሂድ። ለአሸዋ ደግሞ የላስቲክ ጠርሙስ ይዘህ ሂድ። ግማሹን አሸዋ፣ የቀረውን ውሃ ሞልተህ ነቅንቀውና አስቀምጠው። ከላይ ወፍራም የጭቃ ንጣፍ ከተኛበት አሸዋው አፈር ነው፤ ሲሚንቶህን ይበላዋል።

የወለሉ አርማታ 10 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 5 ሜትር ኩብ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፤ 15 ኩንታል ሲሚንቶ ገደማ ይበላል። ኩንታል ሲባል ሁለት ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ነው፤ በስልክ ዋጋ ስትጠይቅ «በኩንታል ነው በከረጢት?» በል። አርማታው ከተሞላ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ። ገጠር ላይ ይሄ ራሱ ወጪ ነው፣ ውሃው በጋሪ ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው በጀቱ ውስጥ አይከተውም።

«ዱባይ ነው የምሠራው። በየወሩ የምልከውን እያጠራቀመ ወንድሜ ሐዋሳ ዙሪያ ቤት ይጀምርልኝ?»

እህቴ፣ ይጀምር፣ ግን የት ላይ እንደሚያቆም አንቺ ወስኚ። መሠረቱ ወጥቶ ገረጋንቲ በሚባለው የሙሌት አፈር ተሞልቶ ከተጠቀጠቀ ዓመት ቢቆይ ችግር የለውም። እንዲያውም ሙሌቱ ይረጋል። ጣሪያ ያልለበሰ ግድግዳ ግን ክረምት ማሳለፍ የለበትም። ዝናብ የብሎኬቱን ቀዳዳ ይሞላዋል፣ ወጥቶ የቆመው ፌሮ ይዝጋል። እኛ ጋ ደግሞ የበልጉም ዝናብ አለ። ስለዚህ የግድግዳው፣ የላይኛው ማሰሪያና የጣሪያው ገንዘብ አንድ ላይ ሳይሞላ አንድ ብሎኬት እንዳይነሳ። ሞልቶ ከተገኘ ጥቅምት ላይ ጀምሮ እስከ ጥር ጣሪያ ማልበስ ይቻላል። ልስን፣ ኮርኒስ፣ ሊሾ፣ ቀለም ከዚያ በኋላ እንደ አቅምሽ ነው፤ በእነሱ ዘግይቶ የፈረሰ ቤት አላየሁም።

«ልጄ፣ እኛ ለብሎኬት አቅም የለንም። ዶሬ ባፈኖ ነን። የጭቃ ቤት ብንሠራ ምስጥ አይጨርሰንም?»

እናቴ፣ ጭቃ ቤት በደንብ ከተሠራ የሰው ዕድሜ ያህል ይቆያል። ምስጥ የሚገባው ከመሬት ነው። የባሕር ዛፉ ቋሚ ልጡ ይላጥ፣ ይድረቅ፤ መሬት የሚገባው ጫፍ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባ። ከዚያም በላይ የሚረዳው ከግድግዳው ሥር 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ የድንጋይ ግንብ ነው። ጭቃውና እርጥቡ መሬት አይገናኙም። በዓይን የሚታይ ቦታ ስለሆነ ምስጡ መንገድ ሲሠራም ያዩታል፣ ይጠርጉታል።

ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ፣ ውሃ እየጠጣ ጥቂት ቀን ይቡካ። ሽታው ሲለወጥ ደርሷል። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ይሰንጠቅ፣ ከዚያ ሁለተኛው ይመረግ። አመዳማ አፈር አይይዝም፤ ጥቂት ከፍለውም ቢሆን ቀይ አፈር ያስመጡ። የጣሪያው ክፈፍ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይውጣ። የእንጨቱን ሥራ ጎረቤት ተሰብስቦ በደቦ ከሠራው ደግሞ የእጅ ዋጋው ወደ ቡናና ምሳ ይወርዳል።

«ጉድጓድ ቆፍረን ውሃ እንጠጣ? ሽንት ቤቱስ?»

በመካከላቸው ቢያንስ 30 ሜትር ይኑር፤ ሽንት ቤቱም ከውሃው ጉድጓድ በቁልቁለቱ በኩል ይሁን። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የልጆችን ጥርስ የሚያበልዘው እሱ ነው፣ ማፍላትም አያስወግደውም። ሳይመረመር አትጠጡት። እኔ ብሆን ለጣሪያው አሸንዳ አስገባለታለሁ። 6 በ8 ቤት ክፈፉ ተጨምሮ 63 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ቢዘንብና አምስት አንዱ ቢባክን እንኳ 45,000 ሊትር ይወርዳል። ባይጠጣ ለማጠቢያና ለከብት ይሆናል።

«ለግንበኛ በቀን ልክፈል ወይስ በኮንትራት?»

የእጅ ዋጋውን በኮንትራት፣ ዕቃውን ግን ራስህ ግዛ። ክፍያውን በአራት ክፈለው፦ መሠረት ሲወጣ፣ ግድግዳ ሲያልቅ፣ ጣሪያ ሲለብስ፣ መጨረሻ ላይ። የመጨረሻውን ገንዘብ አንድ ጠንካራ ዝናብ ጣሪያውን መትቶት ውስጥ ገብተህ ሳታይ አታውጣ።