ከጉንፋን በኋላ ቡና ለምን ጣዕም ያጣል?

ከሐረር የጻፉልን እህት፣ ጉንፋኑ ከለቀቀዎት ሳምንታት ቢያልፉም ቡናው መራራ ሙቅ ውሃ፣ ወጡም ማቃጠል ብቻ እንደሆነብዎ ገልጸው ምላስዎ ተጎድቶ እንደሆነ ጠይቀዋል። ሐኪም ባልሆንም፣ ድሬዳዋ ውስጥ ቡና እየቀመስኩ ደረጃ በማውጣት ሥራ ላይ ረጅም ዓመታት ስለቆየሁ፣ ምልክቶቹ የሚጠቁሙት ወደ አፍንጫዎ ይመስለኛል።

ምላስ በራሱ የሚለየው ጣፋጭን፣ ጨውን፣ ኮምጣጣን፣ መራራንና ጃፓናዊው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ በ1908 እ.ኤ.አ. «ኡማሚ» ያለውን የሥጋ መረቅ ዓይነት ጣዕም ነው። (የምላስ ጫፍ ጣፋጭን፣ ሥሩ መራራን ብቻ ይለያል የሚለው የቆየ የትምህርት ቤት ሥዕል ስሕተት ነው።) የሐረርን ቡና ከሲዳማው፣ ኮረሪማን ከቅርንፉድ የምንለይበት ግን በአመዛኙ ሽታ ነው። ስናኝክና ስንውጥ የምግቡ ትነት ከላንቃ በስተኋላ ባለው መተላለፊያ አድርጎ ወደ አፍንጫ ጣሪያ ይወጣል፤ በዚያም 400 ያህል ዓይነት ሽታ ተቀባዮች አሉ። አንድ ሽታ ብዙዎቹን በተለያየ መጠን ስለሚቀሰቅስ፣ አንጎል የሚያነበው የእነርሱን ቅንጅት ነው፤ የእነዚህን ተቀባዮች ጂኖች በ1991 ያገኙት ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክስል በ2004 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ምግቡ አፍ ውስጥ ስለሆነ ግን ሽታውም ከምላስ የመጣ ይመስለናል። እኛ ቀማሾች ቡናውን ከማንኪያ በኃይል፣ እንግዳን እስኪያሳፍር ድረስ በድምፅ የምንስበውም ትነቱን ወደዚያ መተላለፊያ ለመግፋት ነው።

በርበሬው ማቃጠሉን ያልተወው በሌላ መንገድ ስለሚሄድ ነው። ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር የሚቀሰቅሰው የሙቀትንና የሕመምን ስሜት የሚያስተላልፉ የፊት ነርቮችን ሲሆን፣ እነዚህ ሽታ ቢጠፋም ሥራቸውን አያቆሙም።

ለማረጋገጥ አፍንጫዎን በጣትዎ ይዘው የሎሚ ከረሜላ ይምጠጡ፤ ጣፋጭና ኮምጣጣ መሆኑን ከለዩ ምላስዎ ደኅና ነው። ሲለቁት የሎሚው መዓዛ ካልመጣ ችግሩ ማሽተት ላይ ነው።

ቫይረስ የአፍንጫውን የማሽተቻ ሽፋን ቢጎዳም፣ የማሽተት ነርቮች ከበታቻቸው ባሉ ሕዋሳት ስለሚታደሱ ብዙ ሰው ቀስ በቀስ፣ አንዳንዴም በወራት ውስጥ ይሻለዋል። ቶማስ ሁመል የተባሉት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ጽጌረዳን፣ ባሕር ዛፍን፣ ሎሚንና ቅርንፉድን በቀን ሁለት ጊዜ ለ12 ሳምንታት ያሸተቱ ሕመምተኞች ካላሸተቱት የተሻለ ለውጥ አሳይተዋል። ሦስቱን ከገበያና ከግቢ አያጡም፤ ለጽጌረዳው ሽቶ ሊተካው ይችላል። እያንዳንዱን ለጥቂት ሰከንዶች፣ ልብ ብለው ያሽትቱ። በማገገሚያው ወቅት ቡና የተቃጠለ ወይም የበሰበሰ ነገር ሊሸትዎ ይችላል፤ ይህ በብዙዎች ላይ ስለሚታይ አይደንግጡ።

እስከዚያው የጋዝ ሲሊንደሩንና የቆየ ወተትን ሌላ የቤተሰብ አባል ያሽትትልዎ። ማሽተት የጠፋው ጭንቅላትዎን ከተመቱ በኋላ ከሆነ፣ ወይም አንዱ አፍንጫ ብቻ ተዘግቶ ከደማ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።