መጀመሪያ ደብተሩ

ጅማ ላይ የውኃ ምህንድስና ለምትማሩ ልጆች፤

ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር የጋራ ምርምር ሲገኝ ሁሉም የሚሽቀዳደመው ከዝናቡ የወንዙን ፍሰት ወደሚያሰላው የኮምፒዩተር ሞዴል ነው። ሞዴሉን አጋራችሁም አያጣውም። የአዌቱን ወንዝ ውኃ ግን ዳሩ ቆማችሁ የምትለኩት እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ መጀመሪያ የመስክ ደብተራችሁን አስተካክሉ።

የወንዙን ከፍታ ከመለኪያ ሰሌዳው ላይ የሚያነበው ሰው፣ አንባቢው፣ «ሐምሌ 12፣ ጠዋት 12 ሰዓት፣ 1.34 ሜትር» ብሎ ጻፈ እንበል። ኤክሴል ላይ 12:00 ብላችሁ ከላካችሁት ማዶ ያለው ሰው እኩለ ቀን ይለዋል፤ 6 ሰዓት ተንሸራተተ። ሐምሌን በደፈናው ጁላይ ካላችሁት የባሰ ነው፤ ሐምሌ 12 ጁላይ 19 ነውና ጎርፉ ከዝናቡ በሳምንት ቀድሞ ይመጣል። ሞዴል የሚሠራው ልጅ ይህን ሳያውቅ ቁጥር ሲያስተካክል ወር ይፈጃል። መፍትሔው ሁለት ዓምድ ነው፦ አንዱ አንባቢው እንደጻፈው፣ ሌላው የተቀየረው። የመጀመሪያውን ማንም አይንካው። ዝናብም እንዲሁ፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተለካው ያለፉት 24 ሰዓታት ነው፣ አብዛኛውም የትናንት።

ፍሰት ስትለኩ የወንዙን ስፋት ቢያንስ 20 ቦታ ክፈሉት፤ አንዱ ክፍል ከጠቅላላው ፍሰት ከ10 በመቶ በላይ አይያዝ። ጥልቀቱ ከ75 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ፍጥነቱን ከውኃው ገጽ በጥልቀቱ 0.6 ላይ፣ ከበለጠ 0.2 እና 0.8 ላይ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ። ዘወትር የማየው ጥፋት ግን ሌላ ነው። በበጋ፣ ውኃው ከጉልበት በታች ሳለ፣ አሥር ጊዜ ይለካና የውኃውን ከፍታ ከፍሰቱ ጋር የሚያያይዘው መስመር እስከ ክረምቱ ሙላት በገዢ ይዘረጋል። ውኃው ከዳር ሲፈስ ስፋቱም ሸካራነቱም ሌላ ነውና መስመሩ ይዋሻል። በሙላት ጊዜ ወንዙ ውስጥ አትግቡ፤ ከድልድይ ላይ ለኩ። የፍጥነት መለኪያ መሣሪያው ካልቻለ ተንሳፋፊ ልቀቁና የገጹን ፍጥነት በ0.85 ገደማ አባዙ፤ ግምት መሆኑንም ጻፉ። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ድጋሚ መለካት አለ፤ ደለል ወለሉን ከፍ ካደረገው ያው 1.34 ሜትር የበፊቱን ያህል ውኃ አይደለም።

የደራሲነት ቅደም ተከተልና ጥሬ መረጃው ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ ከመጀመሪያው ልኬት በፊት በጽሑፍ ይለቅ። በኋላ ያስቀይማል።

መለኪያ ሰሌዳው በጎርፍ ተነቅሎ ሲተከል ዜሮው በ7 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ያለው ንባብ ሁሉ በ7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ስለዚህ ከፍታው ከሚታወቀው ቋሚ ምልክት ጋር በሌቭል (በከፍታ ልዩነት መለኪያው) አመሳክሩና ልዩነቱን፣ ቀኑንና የለካውን ሰው ስም እዚያው ገጽ ላይ ጻፉ፤ በእስክሪፕቶ ሳይሆን በእርሳስ፣ ዝናብ ቢመታው አይለቅም።