መልስ፦ ዛፍ ላይ ያለ ተክል እንዴት ሜቴን የተባለውን ጋዝ ያወጣል?

«ሜቴን ከረግረግ እንጂ ዛፍ ላይ ከተንጠለጠለ ተክል እንዴት ይወጣል?» ላልከው፦ ተክሉ ራሱ ትንሽ ረግረግ ስለሚሸከም ነው። ብሮሚሊያድ ከሚባሉት የአናናስ ዘመዶች የብዙዎቹ ቅጠል ከሥር ተደራርቦ የዝናብ ውሃ ያቁራል። የረገፈ ቅጠልና የሞተ ነፍሳት እዚያ ገብቶ ይበሰብሳል። ቅጠሎቹን ፈልቀቅ ብታደርግ ታች ጥቁር ጭቃ አለ። እዚያ ኦክስጅን ያልቃል፤ አርኪያ የሚባሉት ደቂቅ ሕዋሳት ሜቴን መሥራት ይጀምራሉ። (ብዙ ሰው ባክቴሪያ ይላቸዋል፤ አይደሉም።)

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የደቡብ ኢኳዶር ተራራማ ደን ጥናት ከእነዚህ ተክሎች በሄክታር በቀን 3.6 ግራም ገደማ ሜቴን ለክቷል። ብዙ አይደለም። ጎርፍ የሚተኛበት የአማዞን ደን ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ዛፎቹ የአፈሩን ሜቴን በግንዳቸው አሳልፈው ወደ አየር ይለቁታል። ዋናው ጉዳይ እኮ እሱ ነው።