መጀመሪያ እጣቢውን ፈትኑ

ልጆቼ፣

ባለፈው ኮምቦልቻ ላይ ከእናንተ አንዱ "ጋሼ፣ ኢንዛይም ማሰር ምን ያደርጋል? ባለቀ ቁጥር መጨመር አይሻልም?" ብሎኝ ሳቅሁ። (ኢንዛይም ማለት የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው።) በጥያቄው አልነበረም የሳቅሁት፤ እኔ እዚህ ጥያቄ ላይ የደረስኩት ብዙ ዓመት ደክሜ ነው።

እናቴ ደሴ ጠላ ስትጠምቅ፣ የብቅሉ ኢንዛይም፣ አሚሌዝ፣ ስታርቹን ስኳር ካደረገ በኋላ ከአተላው ጋር ይደፋል። ማንም አያዝንለትም፤ ብቅል መልሶ ይበቅላል። ኢንዛይሙ ውድ ሲሆን፣ ምርቱ ውስጥም መቅረት ሲከለከል ነው ጠጣር ነገር ላይ ማሰር የሚያዋጣው። ኔልሰንና ግሪፊን ከሰል ላይ የተጣበቀ ኢንቨርቴዝ የተባለ ኢንዛይም ስኳር መሰባበሩን እንደማይተው ያሳዩት በ1916 እ.ኤ.አ. ነበር። ፋብሪካ እስኪገባ ግን ከ50 ዓመት በላይ ፈጀ፤ በ1969 ጃፓን ውስጥ የታናቤ ኩባንያ አሚኖአሲሌዝ በተባለ የታሰረ ኢንዛይም አሚኖ አሲድ ማምረት ጀመረ።

የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ጨርቅ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ከነጣ በኋላ፣ የተረፈው ፐርኦክሳይድ ማቅለሚያውን ያበላሻል። ካታሌዝ የሚባለው ኢንዛይም ወደ ውሃና ኦክስጅን ይለውጠዋል። ይህንኑ ካታሌዝ ከሶዲየም አልጂኔት (ከባሕር አረም ከሚወጣ ዝልግልግ ነገር) ጋር አዋህጄ፣ በሲሪንጅ ካልሲየም ክሎራይድ ውስጥ ጠብ ጠብ አደረግሁት። እያንዳንዱ ጠብታ ወዲያው ረግቶ ጨሌ መሰለ። ፐርኦክሳይድ ስጨምርበት ፍሬዎቹ አረፋ ለብሰው ወደ ላይ ተንሳፈፉ፤ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ፎስፌት በፈር (አሲድነቱ እንዳይለዋወጥ የሚያደርግ የፎስፌት ውህድ) ውስጥ አሳደርኳቸው። ጠዋት ብልቃጡን ባየው አጥሚት! ለካ ፎስፌቱ ካልሲየሙን ይነጥቃል፣ አልጂኔቱን አርግቶ የያዘው ደግሞ ካልሲየሙ ነው። መጽሐፉ ላይ ነበር፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ፍሬዎቹን አጥልዬ፣ በጠለለው ውሃ፣ ማለትም በእጣቢው፣ ላይ ብቻ ፐርኦክሳይድ ጠብ አደርጋለሁ። አረፋ ካወጣ ኢንዛይሙ እየሾለከ ነው። "10 ጊዜ ደጋግመን ተጠቀምንበት" የሚል፣ እጣቢውን ግን አንዴም ያልፈተነ ስንት ሪፖርት ፈርሜ መለስኩ መሰላችሁ!

ግሉታራልዴሃይድ በሚባል አያያዥ ኬሚካል ጠበቅ አድርጎ ማሰር መሾለኩን ይቀንሳል። ነገር ግን የኢንዛይሙ መሥሪያ ቦታ ከተነካ፣ እጃችሁ ላይ የሚቀረው የታሰረ ሬሳ ነው። ስለዚህ ምን ያህሉ እንደታሰረ ለክታችሁ አትቁሙ፤ ምን ያህሉ እየሠራ እንደሆነም ለኩ።

አንተ ጠያቂው ግን ከሽመና በፊት ክሩ እንዲጠነክር የሚቀባውን ስታርች ከጨርቁ በአሚሌዝ በማውጣት ላይ ልክ ነህ። ስታርቹ ክሩ ላይ ተጣብቋል፣ የታሰረው አሚሌዝ ፍሬው ውስጥ ተቀምጧል፤ ሁለቱ የት ይገናኛሉ? እዚያ ላይ ነፃውን ጨምሮ ማጠብ ነው እንጂ ማሰሩ ከንቱ ድካም ነው።

አብሽሩ፣ ቅዳሜ ኑ። ካታሌዙን ሥጋ ቤት ከምንገዛው ጉበት እናወጣዋለን። ሲሪንጅና አልጂኔት ከእኔ፤ ፎስፌቱን ግን እባካችሁ እዚያው ተዉት።